ጥቁር ስንት ዓይነት ነው?

ጥቁር አንድ ይመስለዋል፣ ካውያ ይዞ ያልቆመ፣
በእንፋሎት ፊቱን ያልታጠበ፣ ክርኑን ያልታመመ።
እኔን ይጠይቀኝ፤
አጅማን፣ ከዓሣ ተራው ጀርባ፣ ማስተር ራፊቅ ቤት አለሁ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው አባያ እተኩሳለሁ።

የኑግ ጥቁር አለ፣ ቢያሹት ዘይት የሚወጣው፤
የጥላሸት አለ፣ ብርሃን የማይጠግብ፣ ያረፈበትን ሁሉ የሚውጠው፤
የማሲንቆ ጭራ የመሰለ አለ፣ ሲነኩት ድምፅ የሚያወጣ፤
የቁራ ክንፍ አለ፣ ዘወር ሲያደርጉት ሰማያዊው የሚመጣ፤
ታጥቦ ታጥቦ ወደ አመድ የሚያዘግም አለ፣ የባለቤቱን ትከሻ ያልረሳ፣
እሱን ስተኩስ ቀስ እላለሁ፣ የተኛ ሰው እንዳላስነሣ።
የሁለቱን ስም ገና አላገኘሁም።

ቁራጩን ማስተር አይጥልም፤ ጆንያ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል፣
ሲሞላ «ውሰጂው» ይላል፤ በከንፈሩ መርፌ ነክሶ፣ ዓረብኛው ይሰበራል።

ሰዓዳ ትሰፋዋለች።
ሌሊት ክሊኒክ ስትወለውል አድራ፣ ቀን የአልጋችን ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች።
እናቷ ባቲ ገበያ ሽርጥ ስትሸጥ ከጨርቅ ክምር ላይ ያደገች፣
ዓይኗን ጨፍና፣ በጣቷ ዳብሳ ዋጋ የምትናገር ናት።
ከሰባቱ ጥቁር አንድ ቀሚስ አወጣች።
ስፌቱን አልደበቀችውም፤ በብርቱካን ክር፣ በውጭ በኩል ሄደችበት፤
«ይታይ» አለች፣
«የት የት ጋ እንደተገጣጠምኩ ይታይ።»

እኔ ደግሞ ካሜራ አለኝ፤
አገሩ ከሚገባ ፊሊፒኖ በአራት ወር ዱቤ የገዛሁት፤
ሌንሱ አሸዋ ጠጥቷል፣ ሲዞር እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል።
ብርሃንን ማን አስተማረሽ ቢሉኝ፣ ካውያ እላለሁ።
የተጨማደደ ጨርቅ ጥላ አለው፣ ሲቃና ጥላው ይሞታል፤
አንዳንዴ፣ ማስተር ሳያይ፣ አንዲት መስመር እተዋለሁ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ፣ ከአሮጌ ጀልባ አጠገብ፣
ባሕሩ እንደ ተልባ ውሃ ረግቶ፣
ሰዓዳን አቆምኳት። ካሜራውን አነሣሁ።
ቀጥ አለች።
እጇን ሆዷ ላይ አጣመረች። ከንፈሯን ገጠመች።

ይህን አቋቋም አውቀዋለሁ!
ኮምቦልቻ፣ ኤጀንሲ ቤት፣ ቀይ መጋረጃ፤
«ቀጥ በዪ! ጥርስሽን አታሳዪ!»
ከፊቴ የነበረችው ልጅ አውልቃ የሰጠችኝ ጉርድ፣
ላቧ ያልደረቀ።
ብልጭ። «ቀጣይ!»
ከሥሩ ቁመቴ፣ ኪሎዬ፤ ሕፃን መያዝ፣ አዎ፤ ልብስ መተኮስ፣ አዎ።
ያን ፎቶ ስንቱ አገላብጦ አይቶታል፤
እኔ አላየሁትም።

ካሜራውን አወረድኩ።
«ምነው?» አለች።
«ነፋሱን እየጠበቅኩ ነው» ብዬ ዋሸሁ።
እውነትም መጣ፤ ብርቱካኑን ክር አንድ በአንድ ፈልጎ አገኘው፤
ድመት ከመረብ ዓሣ መንትፋ በመካከላችን አለፈች፣
ሰዓዳ «አንቺ ሌባ!» ብላ እጇን ፈታች፤
ያኔ ነው የተጫንኩት።

«ተራሽ ነው» አለች ወዲያው።
ከጀልባው ጀርባ ቀሚሱን አውልቃ ሰጠችኝ፣
ላቧ ያልደረቀ።
ይሞቅ ነበር።

የእኔ ፎቶ ዘሟል፤ ባሕሩ ወደ ግራ ሊፈስ ደርሷል፣
ጥግ ላይ የሰዓዳ አውራ ጣት አለ።
ጥርሴ ተቆጥሮ ያልቃል።
ከሥሩ ምንም አልተጻፈም።

ቅዳሜ በስልኬ ለማስተር አሳየሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣
ፊቴን አልፎ፣ ባሕሩን አልፎ፣ በሁለት ጣቱ ስፌቱን አጎላው፤
«ብብቱ ጋ ጠቧል» አለ።
ዝም አለ።
ከዚያ ጆንያውን በእግሩ ወደ እኔ ገፋው፤
ገና አልሞላም ነበር።